የጋሼን ፎር ራነር ላስመርምር ወይስ ዝም ብዬ ልግዛ?

ከጥር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒካል አለኝ። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 6፡45 ላይ ዩኒፎርሜን ለብሼ ዎርዱ ውስጥ መገኘት አለብኝ፤ ማርፈድ እንደ መቅረት ይቆጠራል። በሰፈራችን የሚያልፈው አውቶቡስ በዚያ ሰዓት አያደርሰኝም። እማዬ ሌሊት ስለምትሠራ ኮሮላዋ ቤት የሚደርሰው እኔ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪና መግዛት የግድ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት 7,200 ዶላር አለኝ፤ ኢንሹራንስና ታርጋም ከዚሁ ላይ ነው የሚወጣው።

ጉዳዩ እራት ላይ ሲነሳ አባዬ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «ፎር ዊል ነዋ! ኮሎራዶ ነው ያለነው» አለ። ከልምድ ነው የሚናገረው። በማርች 2021 ዴንቨር ላይ 27 ኢንች በረዶ ሲወርድ፣ ተሳፋሪ ኤርፖርት አድርሶ ሲመለስ ተቀርቅሮ መኪናው ውስጥ አድሯል። «ደግሞ እድለኛ ነሽ» ብሎ ቀጠለ፤ «ወዳጄ ፎር ራነሩን ሊሸጠው ነው።»

የሰውየውን ስም አልጽፍም፤ ጋሼ ልበላቸው። መኪናው የ2000 ሞዴል ቶዮታ ፎር ራነር ነው፤ ባለ 3.4 ሊትር ቪ6 ሞተር፣ 218 ሺህ ማይል የሄደ፣ ዋጋው 6,000 ዶላር። መኪናውን በደንብ አውቀዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ዴንቨር ስንገባ ከኤርፖርት የተቀበሉን ጋሼ ናቸው፤ የጫነንም ይኸው መኪና ነው። ሻንጣዎቻችን ከኋላ ነበሩ፣ እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ማሞቂያው ፊቴ ላይ ሲነፋ ዛሬም ይሰማኛል። በኋላም ሶፋችንን፣ የእማዬን ምጣድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚያስፈልገውን ወንበር ሁሉ ያመላለሰው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ የወላጆቻችን ትውልድ ለቶዮታ ፎር ዊል ያለው ፍቅር ተራ የመኪና ፍቅር አይመስለኝም። አክስቴ ደቡብ ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ምጥ የጠናባትን እናት ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያደርሰው ላንድ ክሩዘር አምቡላንስ ነበር፤ ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሌላ መኪና አይወጣውም ትላለች። እዚያ ፎር ዊል የሕይወት ጉዳይ ነው። እኔ ግን የምመላለሰው በፒዮሪያና በኮልፋክስ፣ ቢበዛ በአይ-225 ነው። ተራራ የምወጣው በዓመት ሁለቴ ነው፣ እሱም ጓደኞቼ ከለመኑኝ።

ስለዚህ ፎር ዊል ምን እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። መኪናው በረዶ ላይ እንዲነሳና ዳገት እንዲወጣ ይረዳል። ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም። ፎር ዊል ኖረውም አልኖረው መኪና ሁሉ ፍሬን ሲያዝ የሚቆመው በአራቱም እግሩ ነው፤ መሬቱን የሚይዘው ደግሞ ጎማው ነው። የኮሎራዶ ሕግም ይህን ያውቃል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የሚነዳ ሰው፣ መኪናው ፎር ዊል ቢሆንም እንኳ፣ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ ወደ 5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የጋሼ መኪና ያለው ዓይነት የድሮ ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም። የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰሩ ኩርባ ላይ እርስ በርስ ይወጣጠራሉ። ዴንቨር ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ማክሰኞ የወረደው በረዶ ሐሙስ በፀሐይ ቀልጦ ያልቃል።

ነዳጁንም አሰላሁት። በዓመት 9,000 ማይል ብነዳ፣ በጋሎን 16 ማይል ገደማ የሚሄደው ፎር ራነር ወደ 560 ጋሎን ይጠጣል። በጋሎን 30 የምትሄድ ትንሽ መኪና 300 ይበቃታል። ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ በዓመት 780 ዶላር ነው። ለእኔ የመጽሐፍ ገንዘብ ነው።

ይህን ሁሉ ቆጥሬም መኪናውን አልጠላሁትም። ያ ሞተር ብዙ ማይል በመሄድ የታወቀ ነው፣ ቶዮታ ስሸጠውም ገዢ አያጣም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እወደዋለሁ። ግን ሩብ ምዕተ ዓመት የሠራ መኪና ነው። ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳላውቅ ስለ ፎር ዊል መከራከሩ ትርጉም የለውም። «መካኒክ ጋ ወስጄ ላስመርምረው» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባዬ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። «ሌባ ነህ ልትይው ነው? ከኤርፖርት የተቀበለንን ሰው?» አለ። ቀጥሎ ሁላችሁም የምታውቁት ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ።»

ከአባዬ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ መኪናችንን የምንገዛው ከራሳችን ሰው ነው። ዋጋው የሚያልቀው ቡና ላይ ነው፣ ኮፈኑ ሳይከፈት። ከሦስት ወር በኋላ ካምቢዮው ሲበላሽ ገዢው አፍ አውጥቶ መናገር አይችልም፤ ሻጩም ነገሩን ከሌላ ሰው ይሰማና ይቀየማል። በአንድ አሮጌ መኪና የተነሳ ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ቤተሰቦች አውቃለሁ። ማንም ማንንም አላታለለም። ሻጩም የመኪናውን ችግር አላወቀም ነበር፣ ገዢውም አልጠየቀም። ይሉኝታ ያን ቀን አንድ ሰዓት የማይፈጅ እፍረት አዳናቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ጓደኝነቱን ወሰደባቸው።

«ፈረንጅ ሆንሽ» ለሚለው መልሴ ዕቁብ ነው። እማዬ እዚሁ ኦሮራ ውስጥ ዕቁብ ትጥላለች። ሴቶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አሳድጋለች። ሆኖም ዕጣ የወጣላት ዋስ ሳትጠራ ብሩን አትወስድም። እማዬ ዋስ ጥሪ ስትባል «ሌባ አላችሁኝ» ብላ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ይጠራል፣ ስለዚህ ማንም አይሰደብም። የመኪና ምርመራም ለሁሉም ሰው የሚደረግ ከሆነ እንዲሁ ነው። ስድብ የሚሆነው ለአንዱ አድርጌ ለሌላው ስተወው ነው።

ይህንኑ በትምህርቴም በየቀኑ አደርገዋለሁ። መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው ስምና የልደት ቀን ይጠየቃል፣ በየጊዜው፣ የሚታወቅ ሰው ቢሆንም። የምሠራበት መጦሪያ ውስጥ አንዲት የእኛ አገር እናት አሉ፤ ስማቸውን ስጠይቃቸው «ዛሬም ረሳሽው ልጄ?» ብለው ይስቁብኛል። አልረሳሁትም። የምጠይቀው ደክሞኝ የምሳሳትበት ቀን ሊመጣ ስለሚችል ነው። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ስማቸውን ከነአያታቸው ይነግሩኛል።

ሌላም አለ። በዴንቨር አካባቢ የቆየ መኪና የሚሸጥ ሰው የጭስ ምርመራ ያለፈበትን ወረቀት ለገዢው መስጠት አለበት። ጋሼ ያንን ወረቀት አጥፈው ዳሽቦርዱ ውስጥ አዘጋጅተው ነበር፤ አባዬም በዚያ አልተከፋም። መንግሥት ሲጠይቅ ሕግ ነው፣ ልጅ ስትጠይቅ ንቀት የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም። የጭሱ ወረቀት ደግሞ ስለ መሪውና ስለ ጎማው አንዲት ቃል አይናገርም።

በመጨረሻ ራሴው ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ መኪናውን ወድጄዋለሁ። የማንንም መኪና ብገዛ እንደማደርገው መካኒክ ጋ ወስጄ ላሳየው፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ይፈቅዱልኛል?» ትንሽ ዝም አሉ። «ውሰጂው፣ ምን ችግር አለው» አሉ። ቅዳሜ ስንሄድ ቁልፉን ያቀበሉት ግን ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ ነበር። እሺ ብዬ ዋጥኩት።

መካኒኩ 150 ዶላር አስከፍሎኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሥር ከላይ አየው። ሻንሲውን በመዶሻ እየነካካ ሄደ፤ ላይ ላዩን ዝጓል እንጂ አልተበላም። ኮሎራዶ መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ለብረት ጠላት ስለሆነ በጣም የፈራሁት እሱን ነበር። ፎር ዊሉ ሲገባም ሲወጣም ይሠራል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ምልክት ኮፈኑ ሥር አልተገኘም። በየ90 ሺህ ማይሉ መቀየር ያለበት ነገር ነው፤ ይህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ አይሰበርም፣ ሰውን ግን መንገድ ላይ ያስቀራል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ጥሩ ነው። መካኒኩ ጎማው ጎን ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት ቁጥር በጣቱ አሳየኝ፤ 2313 ይላል። የ2013 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ አላለቀም፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል።

ከዚያ የፊት ግራውን ጎማ ይዞ ወዘወዘው፣ እኔም እጄን አስጠግቼ ተሰማኝ። የታችኛው ቦል ጆይንት ለቋል። ከ1996 እስከ 2002 በተሠሩት ፎር ራነሮች ላይ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው፤ ጨርሶ ሲወጣ የፊት ጎማው ከሥሩ ይታጠፋል። መካኒኩ በእንግሊዝኛ «በዚህ ሀይዌይ አትውጪ» አለኝ። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። በመመለሻችን በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተንቀረፈፈ ነዳ፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

ወረቀቱን ለጋሼ የሰጠኋቸው ሳሎናቸው ውስጥ ነው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ይቆጣሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። «ባለፈው እሁድ የልጅ ልጆቼን ጭኜ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ደርሼ መጣሁ» አሉ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞር ብለው «አንተ፣ ያን መካኒክ ስልኩን ስጠኝ እስቲ» አሉት። አባዬ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ስልኩ ያለው እኔ ጋ ነበር።

ቦል ጆይንቱን በግራም በቀኝም በራሳቸው ወጪ አስቀየሩት፣ ገዛሁትም አልገዛሁትም። ዋጋውን ገና አልጨረስንም። የቺንጋውን ደረሰኝ ካገኙ 5,000፣ ካላገኙ 4,200 እሰጣለሁ ብያለሁ፤ ልዩነቱ ለቺንጋውና ለአራት ጎማ ነው። ደረሰኙን ጋራዥ ውስጥ ካሉት ካርቶኖች እየፈለጉ ነው። በሁለቱም ካልተስማማን ኮሮላ እፈልጋለሁ፤ እሷንም አስመረምራለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የማየውን ጎማ ሁሉ ቁጥሩን ሳላነብ አላልፍም። የእማዬ ኮሮላ ጎማ የ2015 ሆኖ ተገኘ። ካጠራቀምኩት ላይ ወደ 500 ዶላር አውጥቼ አራት የበረዶ ጎማ አስገባሁላት፤ ማታ ማታ ሥራ ስትሄድ በረዶ ከጀመረ የምትነዳው እሷ ነች።