አምፖል አብርቶ ለማያውቅ ሕፃን የሮቦት ሰርግ

በዚህች ከተማ ወላጁ የከፈለለት ልጅ ሮቦት ይገጣጥማል፣ ኮምፒዩተር ያዛል። ወላጁ ያልከፈለለት ልጅ ደግሞ ያንኑ ሮቦት በቴሌቪዥን ያያል፤ ሹማምንት ሲመርቁት። ኧረ ለመሆኑ ሕፃናትን ሮቦት፣ ኤሌክትሮኒክስና ፕሮግራሚንግ እናስተምር ስንል ምን ማለታችን ነው? ማስተማር ነው ወይስ ማሳየት? እኔ ሁለቱ ተምታተውብናል ባይ ነኝ። ማሳየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ካሜራ ካለ ይበቃል። ማስተማር ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ጭብጨባም የለውም።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጣች። ከአካሏ ከፊሉን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ቀረ ተብሎ ጉድ ተባለ። ሁሉም ስለ ሻንጣዋ አወራ። ከሶፊያ ሶፍትዌር ከፊሉን የሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ በአይኮግ ላብስ የሚሠሩ የአገራችን ወጣቶች መሆናቸውን ግን ስንቱ ልብ አለ? ቁም ነገሩ እሱ ነበር። እነዚያ ወጣቶች እንዴት ይብዙ ብሎ የጠየቀ ሹም ግን እኔ አልሰማሁም።

በሽታው የዛሬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ግድም ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በሳተላይት የሚወርድ፣ በእንግሊዝኛ እየሮጠ የሚያልፍ ትምህርት! ተማሪው አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥን አያይ። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ያኔም የተነገረን ቴክኖሎጂ ገባ ተብሎ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ተጀመረ። ነፃ ነው፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ኢንተርኔትና መሣሪያ ያለው ወጣት ይጠቀምበት። ነገር ግን በኢንተርኔት የሚገኝ የምስክር ወረቀት የስምንት ዓመት ልጅ አያስተምርም። አምስት ሚሊዮን የሚለው ቁጥርም የመሠረት ድንጋይ እንጂ መሠረት አይደለም።

በሌላ ወገን «ዳቦ ላጣ ልጅ ሮቦት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እነሱም ተሳስተዋል። በ2004 ዓ.ም. አንድ «ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የታሸገ ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጣቸው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱ። ታዲያ ጉድለቱ ልጁ ላይ ነው? ይህን ሰምቶ «እንግዲያው መምህር ምን ያደርጋል» የሚል እንዳይኖር! ካሜራ መክፈት ሌላ፣ ካሜራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ሌላ።

ሮቦት እኮ ጣኦት አይደለም። ሦስት ነገር ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅበት፣ የሚንቀሳቀስበትና በመካከል «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» የሚል ትእዛዝ። በጣሪያችን ላይ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ስንቴ ጮኸናል? የአራተኛ ክፍል ልጅ ውኃው ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ቢያንሳፍፍ፣ ጠርሙሱ ከፍ ሲል ሁለት ሽቦ ቢያገናኝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ደወል ይጮኻል። በቃ፣ ትምህርቱ ተጀመረ! ሞተሩ ከተሰበረ ቴፕ ይወጣል። ከወዳደቀ ነገር ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ የመርካቶን ሚናሌሽ ተራ ማየት ነው። ትእዛዝን በቅደም ተከተል መስጠትም ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አይደለም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘራ «አንድ ጣል፣ እለፍ፣ እስኪያልቅ ድገም» እያለ ነው። ይህ ፕሮግራሚንግ ካልሆነ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ ስክራች የሚባል አለ። ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1999 ዓ.ም. የወጣ፣ ሕፃናት ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ የሚማሩበት ነው። በነፃ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ጉድ በሉ፣ አማርኛም ያውቃል! ልጁ «ድገም» ማለት እየቻለ «ሪፒት» ካላለ አልተማረም ያለው ማነው?

ዕቃው ቢገኝስ? አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ በእርዳታ የመጣ የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ሳጥን አይቻለሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እንደታሸገ። ለምን ስል «በሞዴል 19 ገብቷል፤ ልጅ ቢሰብረው ማን ይከፍላል?» ተባልኩ። ንብረት ክፍሉን አልፈርድበትም። ሕጉ የተሰበረ ዕቃ ያስጠይቃል፤ ያልተማረ ልጅ ግን ማንንም አያስጠይቅም። መበላሸት የሌለበት የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ደግሞ የት አገር ነው ያለው?

ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የነገረን ራሱ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ሮቦት አይፈታውም። ግን «ኤሌክትሮን» የሚለውን ቃል ሸምድዶ አንዲት አምፖል ሳያበራ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ፈተና ላይ ቢወድቅ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ልመናችን ትልቅ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ መምህር በክረምት ይሠልጥን፤ የድካሙም ይከፈለው። ሽቦ፣ አምፖል፣ ድንጋይና ትንሽ ሞተር የያዘ ሳጥን ይሰጠው፤ የሚሰበረውም እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ። ሕፃናቱም አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይማሩ።

በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ክቡርነታቸው ሪባኑን ከመቁረጣቸው በፊት ሁለት ነገር ይንገሩን፤ ስንት መምህር ሠለጠነ? ስንት ሳጥን ተከፈተ? መልስ ከሌላቸው መቀሱን ለሕፃናቱ ይስጡልን፤ ሽቦ ይቆርጡበታል።