ከጉዞ የተረፈ የባዕድ አገር ገንዘብ

ከባዕድ አገር የተመለሰ መንገደኛ መሳቢያውን ቢፈትሽ፣ ከጉዞ የተረፈ ገንዘብ ማግኘቱ አይቀርም። ሳንቲሙ ለልጆች መጫወቻ ቢሆን ብዙ አናዝንም፤ መንዛሪዎች ሳንቲም እምብዛም አይቀበሉምና በመጨረሻው ቀን ቡና ቢጠጡበት ይሻላል። እኛን የሚያሳስበን «ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል» ተብሎ በሣጥን የሚቆለፈው ወረቀት ነው። ገንዘብም እንደ ሰው ዕድሜ አለው። ኬንያ አሮጌውን የ1,000 ሽልንግ ወረቀት ከመስከረም 19 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ በሻረችው ጊዜ፣ ቀኑ ላለፈበት ሰው በእጁ የቀረለት የጆሞ ኬንያታ ሥዕል ብቻ ሆነ። የፈረንሳይ ፍራንክም ከየካቲት 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ወዲህ ለዋጭ የለውም። በአንጻሩ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ አሮጌውን ማርክ፣ ያውም ሳንቲሙን ጭምር፣ አንዱን ዩሮ በ1.95583 ማርክ ሒሳብ ዛሬም ይለውጣል፤ የእንግሊዝ ባንክም ከገበያ ያወጣቸውን የፓውንድ ወረቀቶች ይቀበላል።

ዶላርና ዩሮ የያዘ ሰው መንዛሪ አያጣም። ሽልንግ የተረፈው መንገደኛ ግን አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት እዚያው ይመንዝረው፤ ከአገሩ ከወጣ በኋላ ፈላጊው ጥቂት፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ቀድሞ ይዞት የገባ ቢኖር፣ ወረቀቱ አለመሻሩን አረጋግጦ፣ ወደዚያው ለሚሄድ ዘመዱ በአደራ ሰጥቶ ዕቃ ያስገዛበት።