አካል ጉዳተኛ በአንድ ፋይል፣ በርታ በሌላ ፋይል፦ ጾሬ ላይ ማን ጠፋ?

ጾሬ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የስደተኞች መጠለያው ነው። ግን ከአሶሳ ብዙም የማይርቀው ይህ አካባቢ ከመጠለያው በፊትም የበርታ ሰው አገር ነው። ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ የተወለደ፣ መስማት የተሳነው የበርታ ልጅ በአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ፖሊሲ ውስጥ የት ነው ያለው?

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግማ አልጠፋም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። አንቀጽ 89 ደግሞ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔረሰቦች ልዩ ድጋፍ ይላል። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ይጠራቸዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ መግቢያው ላይ፣ አካል ጉዳት ከብሔር ወይም ከነባር ሕዝብነት ጋር ሲደራረብ አድልዎው እንደሚከፋ ይናገራል።

ችግሩ መደራረቡን የሚያይ ቢሮ አለመኖሩ ነው። በኋላ በሌላ የተተካውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እንይ። በቅጥር ላይ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ቅድሚያ ይሰጣል። ጥሩ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሆነች ሴት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የራሷ መስመር የላትም።

ቋንቋው ላይ ይብሳል

ልጁ ቤቱ የሚነገረው በርታኛ ነው። በርታኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ደግሞ የተሠራው በግዕዝ ፊደል ላይ ነው። እናትና አባቱ ምልክት ቋንቋውን በበርታኛ ካልተማሩት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ያገኘውን ቋንቋ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ሰው ያጣል። እኛ ሌላ ምልክት ቋንቋ ይፈጠር እያልን አይደለም። ወላጅ በራሱ ቋንቋ ይሠልጥን ነው የምንለው።

ቁጥሩስ?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም የሚገምተው 16 ነው። እኛ አገር ሰው ጤነኛ ስለሆነ አይደለም፤ አጠያየቁም፣ ልጅን ቤት መደበቁም አለበት። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። በጀት ደግሞ ቁጥርን ነው የሚከተለው።

"በክልሉ እኮ ከወሎ በሰፈራ የመጣም፣ ከሱዳን የተሰደደም አካል ጉዳተኛ አለ" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የእነሱም መብት ሙሉ ነው። ፍትሐዊነት ማለት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ብሮሸር በአማርኛ መበተን አይደለም፤ እያንዳንዱ ጋ በሚደርስበት መንገድ መድረስ ነው።

ስለዚህ በቀጣይ ስለ ዊልቸር ርክክብ ዜና ስናነብ፣ የወረዳውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦

1. መዝጋቢው ቤተሰቡን ያናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው?
2. ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች፣ ስንቱስ ሴቶች ናቸው?
3. ከከተማ ውጭ ያለው ቀበሌ ድረስ የሄደው ማን ነው?

ለእነዚህ መልስ ከሌለ፣ ፖሊሲው ጾሬ አልደረሰም ማለት ነው።