አርክቴክት ሁሉ ፎቅ ይንደፍ ያለው ማነው?

ታላቅ ወንድሜ አርክቴክት ነው። እናታችን ለጎረቤት «ልጄ ኢንጂነር ነው» ስትል፣ እሱ «እማ፣ አርክቴክት ነኝ» እያለ ያርማታል። «ያው ነው፣ ፎቅ አይደል የምትሠሩት?» ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ፎቅ አልሠራም። ቀን ቢሮ ውስጥ የሌሎችን ንድፍ ያስተካክላል፤ ማታ ላፕቶፑ ላይ ተጥዶ ለሌላ ሰው ስሪዲ ይሠራል፤ ክፍያው በምስል ቁጥር ነው። አንዱ ደንበኛማ ሥራውን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋበት፤ እሱን እንተወው።

ባለፈው ወር ሌላ ሥራ ተገኘለት። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉ ነባር ቤቶችን እየለካ ፕላናቸውን መሳል፣ የቱ ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጣሪያ በቆርቆሮ እንደተተካ መመዝገብ ነው። ገንዘቡ አሁን ቀንና ማታ ሠርቶ ከሚያገኘው ያንሳል። ጓደኞቹ «አምስት ዓመት የተማርከው አሮጌ ቤት ልትለካ ነው?» ብለው ሳቁበት።

እኔ ግን ሂድ ነው የምለው። ተመራቂው ሁሉ በአንድ በር፣ በዲዛይን ቢሮ በር፣ ይጋፋል። በራሱ ስም ፈርሞ ለመሥራት ደግሞ የሥራ ልምድና የሙያ ፈቃድ ይጠበቅበታል፤ እስከዚያ ዕድሜው በስሪዲ ያልቃል። በሌላ በኩል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ሲያፈርስ፣ ይሄ ይነካል ያ አይነካም ብሎ የሚመክረው የለም። እድሳትም ቢሆን ትልቅ ሙያ ነው እኮ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው እንደገና የተከፈተው። ያንን የሠሩት ሰዎች አዲስ ፎቅ ስላልነደፉ አርክቴክትነታቸው ቀነሰ እንዴ?

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። አምና ለዜና አጻጻፍ ኮርስ በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሱት የፒያሳ ነባር ቤቶች የልምምድ ዘገባ ጻፍኩ፤ «አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪዎች ተነሡ» ብዬ። ወንድሜ አነበበና «የትኛው ቤት? ማን አሠራው? በረንዳው የእንጨት ነበር የድንጋይ?» አለኝ። አንዱንም አልመለስኩም። ውጤቴ ግን ጥሩ ነበር! የኳስ ቡድን አሰላለፍ በሰሌዳ ሥሎ የሚያስረዳ ተንታኝ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ ሞልቷል፤ የሰፈር ፕላን ዘርግቶ «እዚህ ጋ መንገድ ሲያልፍ ይሄ ይሆናል» የሚለንን ግን እኔ አልሰማሁም። ታዲያ አንድ አርክቴክት መጥቶ ስለ ከተማ ልጻፍ ቢል ምን እንለዋለን? «ጋዜጠኝነት ተምረሃል?» ነው የምንለው። እነሱ በፎቅ ይኮራሉ፣ እኛ በሊድ።

ደመወዙን አቃልዬ አይደለም። ቤት ኪራይ አለ፣ ለእናታችን የሚልከው አለ፤ በዚህ ላይ ክርክሬ መልስ የለውም። መልስ የሚሰጣቸው አርብ ነው። እናታችን ገና አልሰማችም።