ቴሌቪዥን የሚለካው ከዳር ወንበር ነው

ዕቁባችን የሚደርሰን በሚቀጥለው ወር ነው። ብሩ ገና ከሰብሳቢው እጅ ሳይወጣ ቤታችን ውስጥ ሥራ ተቆርጦለታል፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ይገዛበት፣ አይገዛበት የሚለው ክርክር ራት በቀረበ ቁጥር ይነሳል። አሁን ያለን 32 ኢንች ነው። ልጄ ከ65 በታች ከሆነ ባይገዛ ይሻላል ባይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ያለው መቼ ተበላሸና፣ ብሩ ለመጪው ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀመጥ ትላለች። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ሲጠየቁ «ለእኔ ብላችሁ እንዳታወጡ» ብለው ዝም ይላሉ። እኔ ይገዛ ከሚሉት ጋር ነኝ። የምለውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

የእኛ ሳሎን እንደ ብዙው የኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ ነው። ትልቁ ሶፋ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ያያል፤ ባለ ሁለት መቀመጫውና ነጠላ ወንበሩ የጎኑን ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ረከቦቱ በበሩ በኩል ነው። ፊት ለፊቱን ማን እንደሚይዘው የታወቀ ነው፤ እንግዳ ካለ እንግዳው፣ ከሌለ አባወራው። አማቴ የሚቀመጡት ከዳር፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ነጠላ ወንበር ላይ ነው። ያቺን ቦታ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቡናው እሳቸው ዘንድ ነዋ። የማታ ዜና ሲጀምር ግን ዱካቸውን ይስቡና ስክሪኑ ሥር ሊባል በሚችል ቅርበት ይቀመጣሉ። ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ በከንፈራቸው ይከተሉታል። ጽሑፉ ይቀድማቸዋል። ግማሹ ካመለጣቸው በኋላ ወደ እኛ ዞር ብለው «ምን አለ?» ይላሉ። ከኋላቸው ያለው ልጄ ጭንቅላታቸው ስለከለለው አያይም። አያቱን ዞር በሉልኝ አይልም፤ ስልኩን ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። ታናሽ እህቱ ትከተለዋለች። ዜናው ሳያልቅ ሳሎኑ ውስጥ የምንቀረው ሦስት ሰዎች ነን።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሥዕሉ በደንብ የማይታየው ሰው ዛሬ ሌላ መሄጃ አለው።

ድሮ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቤት ነበር። የአባባ ተስፋዬን የልጆች ክፍለ ጊዜ ለማየት ጫማውን በር ላይ አውልቆ በሰው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ያልተደረደረ የእኔ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው። የዚያ ዘመን ስክሪን ትንሽ ነበር፤ ኋላ ላይ በየቤቱ የገባው ባለ 21 ኢንቹ እንኳ የመስታወቱ ቁመት ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ያ ሁሉ ሰው ያየው ተጠጋግቶ ስለተቀመጠ ነው፤ አልታይህ ያለው ልጅም ታግሶ ይቀመጥ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ የራሱ ስክሪን አለው። አንድ ቤተሰብ አንድ ድራማ፣ አንድ ጨዋታ፣ አንድ የበዓል ዝግጅት አብሮ እንዲያይ ከተፈለገ ሳሎኑ ለሁሉም የሚመች መሆን አለበት። በተለይ መጥፎው ወንበር ለደረሰው። እኔ ትልቅ ቴሌቪዥን ይገዛ የምለው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ አልፎ ለግድግዳ ጌጥ፣ ወይም ጎረቤት ስለገዛ ከሆነ የባለቤቴ ሐሳብ ይበልጥብኛል።

ከቴሌቪዥኑ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ስክሪን መጠጋት ዓይን ያጠፋል እየተባልን ነው ያደግነው። መጠጋቱ ዓይንን አያጠፋም፤ በዕድሜ የገፋ ሰው መጠጋት ሲጀምር ግን ዓይኑ አስቀድሞ መድከሙን እየነገረን ሊሆን ይችላል። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ እሱም በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነው። ስንት እናቶችና አባቶች «እርጅና ነው» ተብለው በጨለማ ተቀምጠዋል! ስለዚህ ከዕቁቡ ብር መጀመሪያ የሚነሳው የአማቴ የዓይን ምርመራ ነው፤ ቀጠሮውን ይዘናል። መነጽር ወይም ቀዶ ሕክምና የሚፈታውን ችግር በትልቅ ስክሪን መሸፈን በሰው ላይ መፍረድ ነው። ምርመራው ተደርጎ፣ መነጽሩም ተገዝቶ፣ ከዚያም በኋላ ያ የሚሮጥ ጽሑፍ ከዳር ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው በ32 ኢንች አይነበብም፤ እኔ ራሴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። ፊደላችን እንደሚታወቀው ሉን ከሊ፣ ቡን ከቢ የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቅጥያዋ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ።

ወደ ልኬቱ ልምጣ። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን ማዕዘን ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ሲነገር ልዩነቱ አይገባም። ባለ 32ቱ ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 55ቱ 122 በ68፣ ባለ 65ቱ 144 በ81 ይሆናል። ቁጥሩ ከ32 ወደ 65 እጥፍ ሲሆን የሥዕሉ ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል። ልጄ ያለ ምክንያት አይደለም 65 የሚለው፤ አስልቶ ነው። ለሲኒማ በወጣው መለኪያ መሠረት ስክሪኑ ከተመልካቹ እይታ ቢያንስ 30 ዲግሪውን ቢይዝ ይመረጣል፤ ይህም በቀላሉ ሲሰላ ከስክሪኑ የማዕዘን ልክ 1.6 ጊዜ ርቆ መቀመጥ ማለት ነው። ከትልቁ ሶፋችን እስከ ቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ከ70 ስለሆነ ስሌቱ 65 ኢንች ላይ ያርፋል። አሁን ያለን 32 ከዚያ ቦታ የሚይዘው ግማሹን፣ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ሲያሳየኝ ተቀብዬዋለሁ።

ግን ስሌቱ የተሠራው መሐል ለተቀመጠ ሰው ነው። ከዳር ሆኖ ሲታይ ስክሪን ይጠብባል፤ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ለተቀመጠ ሰው የ122 ሳንቲ ሜትሩ ወርድ 86 ያህል ሆኖ ይታያል፤ 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ ግማሽ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ቀለሙ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች በሁለት ዓይነት ፓነል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ቪኤ፣ ሌላው አይፒኤስ ይባላል። ቪኤው ፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ ወደ ጎን ሲሉ ግን ይገረጣል፣ የሰው ፊት አመድ ይለብሳል። አይፒኤሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄድበታል፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ኦሌድ የሚባለው ሁለቱንም ያሟላል፣ ዋጋው ግን ለእኛ አይቀመስም። እኛ ደግሞ መብራት አጥፍተን ቴሌቪዥን የምናይ ሰዎች አይደለንም። ሳሎናችን ቡና የሚፈላበት፣ ሰው የሚገባበት፣ ልጅ የሚያጠናበት ነው፤ አምፖሉ እስክንተኛ ይበራል። ስለዚህ በተቀራራቢ ዋጋ ባለ 65 ቪኤ እና ባለ 55 አይፒኤስ ቢቀርቡልኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ልጄ ከመሐል ሶፋው ትንሽ ያጣል፤ አያቱ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ ያያሉ።

ደግሞ ስክሪን ሲያድግ ምስሉ አብሮ አይጠራም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዲሻችንን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዙረን ቻናሎቻችንን በኢትዮሳት ማየት ከጀመርን በኋላ ብዙዎቹ በኤችዲ ይመጣሉ፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ጣቢያዎቹ ከማኅደር የሚያወጧቸው የቆዩ ድራማዎችና ሙዚቃዎች ግን የተቀረጹት በአሮጌው ጥራት ነው፤ አራት እጥፍ በሆነ ስክሪን ላይ ሲለጠጡ ጉድለታቸውም አብሮ ይለጠጣል። ሱቆች የሚያሞካሹት 4ኬ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ፉል ኤችዲው 2 ሚሊዮን ገደማ። ዓይነ ሙሉ ሰው በ55 ኢንች ላይ የሁለቱን ልዩነት ማየት የሚችለው ከ2 ሜትር ከ20 ቀረብ ብሎ ሲቀመጥ ነው፤ እኛ ከዚያ እንርቃለን። የ4ኬ ቪዲዮ በኢንተርኔት ለማየትም በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜጋ ቢት የሚጎትት መስመር ያስፈልጋል። ዛሬ ባለ 55 ሲገዛ 4ኬነቱ አብሮ ስለሚመጣ አልከራከርበትም፤ ለእሱ ብዬ ግን ተጨማሪ ብር አላወጣም።

ተጨማሪ ብር ካለኝ ለድምፅ አወጣዋለሁ። ቴሌቪዥኖች በሳሱ ቁጥር ስፒከራቸውም ሳስቷል፤ ብዙዎቹ ድምፃቸውን የሚያወጡት ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ወደ ግድግዳው ነው። አማቴ «ምን አለ?» ሲሉ ግማሹ የዓይን ጉዳይ ከሆነ ግማሹ የጆሮ ነው። ጎረቤት በግድግዳው ማዶ እየተኛ ድምፅ መጨመር ነውር ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ሳውንድ ባር ንግግሩን ከሙዚቃው ለይታ ታወጣለች፤ ቅዳሴ በቴሌቪዥን ለሚከታተል አዛውንት ይህ ከ10 ኢንች ጭማሪ ይበልጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘሩንም ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ደምሮ መያዝ ነው። ለነገ ሲባል ስንት ዕቃ ተቃጥሏል።

ባለቤቴ የምታነሳውን የብር ጉዳይ አላቃለልኩትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ተሸክሞ ነው ሱቅ የሚደርሰው። ወርሃዊ ደመወዝ እንዲያ አልዘለለም። የትምህርት ቤት ክፍያ የሚነካ ከሆነ አይገዛም፤ በዚህ ተስማምተናል። ባለ 32ቱም አይጣልም። መኝታ ክፍል እንዲገባ ግን አልፈቅድም፤ እዚያ ከገባ ልጆቹን መልሶ ይበትናቸዋል። የሚፈልገው ዘመድ አለ።

ከተገዛ የሚሰቀለው በሚዞር ብራኬት ነው፤ ዜና ሲሆን ወደ አማቴ፣ ኳስ ሲሆን ወደ ሶፋው ይዞራል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ ተራ ፊሸር አይበቃውም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራል። ቁመቱም የስክሪኑ መሐል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር እንዲገጥም ነው የምፈልገው። በየቤቱ ኮርኒስ ሥር ተሰቅሎ የማየው ቴሌቪዥን የስንቱን አንገት እንደሚያሳምም እግዜር ይወቅ።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር መርካቶ እንወርዳለን። ሱቅ ውስጥ የሚበሩት ቴሌቪዥኖች ለዕይታ ተብሎ በተሠራ የባሕርና የአበባ ቪዲዮ፣ ብርሃናቸው ጣሪያ ነክቶ ነው የሚጠብቁን፤ በዚያ አይፈረድም። ዜና እና የቆየ ድራማ የተቀዳበት ፍላሽ ይዘን እንሄዳለን። ሻጩን ብርሃኑን ወደ መደበኛው አውርድልን እንለዋለን። ልጄ ፊት ለፊት ይቆማል፤ እኔ 2 ሜትር ከ70 ለክቼ ወደ በሩ በኩል፣ አማቴ የሚቀመጡበትን ያህል ወደ ጎን እወጣለሁ። ከዚያ ሆኜ የሰውን ፊት ቀለም አያለሁ፣ የሚሮጠውን ጽሑፍ አነባለሁ፣ ንግግሩን ያለ ተጨማሪ ስፒከር እሰማለሁ። ባለ 55ቱ ይህን ካለፈና ዋጋው ከተነጋገርነው ካልዘለለ፣ ጋራንቲውንም በጽሑፍ ከሰጡን፣ ዕቁቡ በደረሰ ሳምንት እንገዛዋለን። ካላለፈ ብሩ ባለቤቴ ባለችው ቦታ ይቀመጣል።