ደብተር ማደል ይፈቀዳል፤ ‹‹ለምን?›› ማለት ግን?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል። ይበል! ግን ማን ያስከብርላቸው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕጻናት መብት ጉዳይ ድርሽ እንዳይል አገደ። ደብተር ማደል ተፈቀደ፤ ልጁ ለምን ተገረፈ፣ አስተማሪው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ግን ‹‹ፖለቲካ›› ሆነ። ማሰሪያው የተፈታው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2! ታዲያ ተማሪው ሁሉ ሰነፍ ነው እንበል? ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ማን ጠየቀለት?

ሥጋቱ ዛሬም አልለቀቀንም። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት የታወቁ የመብት ድርጅቶችን አግዶ ነበር። ሐዋሳ አዲስ ከተማ ያለው ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ ዩኒፎርም ይገዛል። ልጁ በሰላም ተምሮ እንዲመለስ የሚሟገትለት ማኅበር ያስፈልገዋል። መንግሥት ሆይ፣ ስለ ልጆች የሚጮኸውን አፍ አትለጉም! ወላጆችም፣ መብት በልመና አይገኝምና ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።