ጥይት የማያልቅበት አርበኛ

የቪዲዮ ጨዋታ የልጆች መጫወቻ ስለሆነ የኪነ ጥበብ ሐያሲ ጊዜውን ሊያጠፋበት አይገባም የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ይህ አስተያየት ዛሬ መቆሚያ የለውም። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመጽሐፍ ይልቅ ከስክሪን የተማረ ትውልድ በየአገሩ አድጓል፤ ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ያለው ወጣትም ከዚህ ትውልድ የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ ከናቂዎቹ ይልቅ ሊሞገቱ የሚገባቸው አክባሪዎቹ ናቸው። እነዚህኞቹ የአርበኝነት ዘመን ጨዋታ በኢትዮጵያ ይሠራ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንሽሩ ከነሰደፉ፣ ዉጅግራው ከነአፈሙዙ በትክክል ይሣል እንደሆነ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ብቻውን ሲቀር ግን ሐሰት ይወልዳል።

ሪቤልየን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በጥር 2017 ዓ.ም. ያወጣውን «ስናይፐር ኢሊት፦ ሬዚስታንስ» የተባለ ጨዋታ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ጨዋታው ታሪኩን የሚቀዳው በናዚ ጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ ከተካሄደው የሕቡዕ ትግል ነው። የእንጨቱ መልክ፣ የብረቱ ንጣት፣ የቃታው ድምፅ ሳይቀር በብዙ ድካም ተሠርቷል። ይህም አልበቃ ብሎ ጥይቱ የወታደሩን ሥጋ ዘልቆ አጥንቱን ሲሰብር በራጅ እንደሚታይ አድርጎ ያሳያል፤ የዚህ ተከታታይ ጨዋታ መታወቂያም ይኸው ነው። ተጫዋቹ ጥይት ሲያንሰው ግን ከወደቀው ጠላት ወይም በየጥጉ ከተቀመጠው ሣጥን ያነሣል፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ዝናሩ ይሞላለታል። ለጠመንጃው የተሰጠው ትጋት ለጥይቱ አልተሰጠም። ኢትዮጵያን ከነጣሊያን ወረራዋ በሰፊው ያስገባው ሌላው ጨዋታ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በተጨማሪ ክፍሉ የወጣው «ኸርትስ ኦፍ አየርን»፣ በካርታ ላይ የሚካሄድ ስለሆነ ጠመንጃ በዚያ ውስጥ መልክም ድምፅም የለውም፤ የመጋዘን ቁጥር ነው። የሚገርመው፣ ለእውነቱ የቀረበው ይህ ደረቅ ቁጥር መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሲጎድል ጦሩ ይደክማልና።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በዚህ ነገር የሚመሰክረው አለው። ከሳይንት ብዙ በማይርቀው በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የናፒየር ወታደሮች ይዘውት የቀረቡት ጠመንጃ ጥይቱን በኋላው በኩል የሚጎርስ ስናይደር ነበር። አብዛኞቹ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ደግሞ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጠቀጠቅበትን ይዘው ነበር። አንዱ ጠቅጥቆ እስኪጨርስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ በእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ናቸው። ጋፋት ላይ የተሠራው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ እንደተጋደመ ነው። ሕዝቡ በቋንቋው ያስቀረው ግን የገዳዩን ጠመንጃ ስም ነው፤ ስናይደር ስናድር ተባለ።

የሌሎቹም ስሞች አመጣጥ እንዲሁ ነው። ዉጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ለበን ከለበል፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ መትረየስ ከፈረንሳዩ ሚትራዬዝ ወረደ። በሽለላውና በቀረርቶው እነዚህ ስሞች እንደ ፈረስ ስም፣ እንደ ወዳጅ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የጠመንጃ ሥዕል አፍቃሪው እዚህ ላይ ደስ ይለዋል፤ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ስም የበዛው ጠመንጃው በአንድ እጅ፣ በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ፋብሪካ ስላልመጣ ነው። የስሙ ብዛት የጥይቱ አለመግባባት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ መደበኛው ጦር ከተፈታ በኋላ በየጫካው የገባው አርበኛ የያዘው ምን ነበር? አንዱ በአድዋ ዘመን በብዛት የነበረውን ዉጅግራ ይዟል። ይህ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር የሆነውን ወፍራም ጥይት አንድ አንድ እያለ ይጎርሳል፤ ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ የተኳሹን ሥፍራ በጭስ ያሳብቃል። ጎረቤቱ ባለለበን ነው፤ ጥይቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስተኛው ከዘመተበት ያመጣው ቤልጅግ ወይም የጀርመን ማውዘር አለው። (ሂትለር ራሱ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀረው ከሙሶሊኒ ጋር በኦስትሪያ ጉዳይ ተቃቅሮ ስለነበር 10,000 ማውዘር በስውር ለኢትዮጵያ መላኩን የፈረንሳይ አርበኞችን ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ቢያውቅ፣ ያንን ጠመንጃ የናዚ ብቻ አድርጎ ባልቆጠረው።) አራተኛው ከጣሊያን ወታደር የማረከው ካርካኖ ነው፤ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። አምስተኛው ጣሊያኖች ለቅኝ ወታደሮቻቸው ካስታጠቁት ማንሊኸር አንዱን ወስዷል። አምስት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ለሌላው አንዲት ጥይት ማበደር አይችሉም።

የካርካኖ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ይህ ጠመንጃ ስድስት ጥይቶችን አንድ ላይ ከምታቅፍ ከትንሽ የብረት ማቀፊያ ጋር ካልሆነ በሆዱ አይቀበልም። የመጨረሻዋ ጥይት ስትጎርስ ማቀፊያዋ በታች በኩል ወድቃ ሣር ውስጥ ትጠፋለች። ለጣሊያኑ ወታደር ይህ ምንም አይደለም፤ ሌላ ሙሉ ማቀፊያ ከወገቡ ይመዛል። አርበኛው ግን ማቀፊያዋን ካልለቀመ ዘመናዊ ጠመንጃው በአንድ ቅጽበት ወደ ዉጅግራ ደረጃ ይወርዳል፤ አንድ አንድ እያጎረሰ ሊተኩስ ነው። ስለዚህ ተኩስ ጋብ ሲል በደረቱ ተስቦ ሣር የሚደባብስ ሰው ፈሪ አይደለም፤ የነገውን ውጊያ እየለቀመ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ያሳየ ጨዋታም፣ ሥዕልም፣ ድራማም ማን አየ?

የዉጅግራ ቀለህ ናስ ስለሆነ አይጣልም። እጀ ብልሆች ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ያስተኩሱታል፤ የቤት ባሩድ ግን እንደ ፋብሪካው አይታመንም፣ አንዳንዴም ይከሽፋል። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ጥይት በየገበያው ከአሞሌ ጋር የብር መመንዘሪያ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ገንዘብ የሚወጣበት፣ እህል የሚሸጥበት ነገር ነበር ማለት ነው። አልሞ መተኮስ የጀግንነት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የድህነት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከሌለ አርበኛው በስክሪኑ ላይ የባህል ልብስ የለበሰ የፈረንጅ ኮማንዶ ሆኖ ይቀራል።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ከጎጃም የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደሴ ለመውጣት ሲሞክር በዚሁ ደጋ ተከቦ አጅባር ላይ እጁን ሰጠ። ከ1,000 በላይ ጣሊያኖችና በሺህ የሚቆጠሩ ቅኝ ወታደሮች ነበሩ። ለሥነ ሥርዓቱ የተሰለፉት የዊንጌት መደበኛ ወታደሮች 36 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከባቢዎች አርበኞች ናቸው። ያን ያህል መትረየስና መድፍ የያዘ ጦር የተረታው ከፊቱ ባለው የጠመንጃ ዓይነት ብልጫ አልነበረም። ገደሉን የሚያውቅ፣ መንገድ የሚዘጋ፣ ቁጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ በየሸንተረሩ ስለነበረ ነው። የተኩስ ጨዋታ ሠሪ አጅባርን ቢሠራ ምን ያደርጋል? 36ቱን ወታደሮች ጀግና አድርጎ፣ ሺሁን አርበኛ ከኋላ የሚጮህ ጥላ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ጨዋታ የጠመንጃው ቁጥር ሳይቀር ትክክል ቢሆንም ሐሰት ነው።

ጥይቱን ያመጣው ማን እንደሆነም አይጠየቅም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች መሣሪያና ጥይት ሲያቀብሉ ኖረው በጠላት እጅ ወድቀው ታስረዋል። የአሜሪካኖቹ «ሜዳል ኦፍ ኦነር፦ አንደርግራውንድ» እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲትን የፈረንሳይ አርበኛ ሴት ዋና ሰው ሲያደርግ በእርግጥ የሚመሰገን ነገር ሠርቷል። ሆኖም ሴቲቱ ክብር ያገኘችው ጠመንጃ ስለያዘች ነው። ጥይት የተሸከመች፣ ስንቅ የቋጠረች፣ ወሬ ያደረሰች ሴት ለተኩስ ጨዋታ አትመችም። የውስጥ አርበኛ የሌለበት አርበኝነት ግን አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ወቀሳው ለባዕድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በአገር ውስጥም ሠዓሊው አርበኛን ሲሥል ዝናሩን እስከ ጫፉ ይሞላዋል፤ የድራማ አዘጋጁ ተዋናዩን ያለ ቁጥር ያስተኩሰዋል። የባሰው ደግሞ ይህ የሚሆነው ተኩስ ተረት ባልሆነበት አገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ሕዝብ የጥይትን ዋጋ በቤቱና በልጁ አይቷል። ለዚህ ሕዝብ ልጅ ጠመንጃ ወጪ የሌለው ጌጥ ነው ብሎ ማስተማር ታሪክን ከማዛባት አልፎ ነውር ነው።

ችሎታ የለም የሚል ምክንያት ደግሞ አያስኬድም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥን ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ከቤት የተገኘ ነገር ለጨዋታ እንደሚበቃ አሳይቷል። የጎደለው እውቀቱን ከባለቤቱ የሚሰበስብ ሰው ነው። በ1933 ዓ.ም. 15 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ቢኖር 100 ዓመት ሞልቶታል። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት አሁን የሚጠየቁት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። ያቺ የካርካኖ ማቀፊያ በሳይንት ሰው አፍ ምን ትባል ነበር? ቤት የተሞላ ቀለህ ስንት ጊዜ ተተኩሶ ይጣላል? ከዓባይ ማዶ ጥይት ሲመጣ ዋጋው በስንት ቁና እህል ይቆረጥ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የያዘ መዝገብ በእጁ ሳይኖር የምንሽር ሰደፍ ለመሣል የሚቀመጥ ሰው ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሯል።